በወፍጮው አፍ የቀረ እህል

እኔ እንየው በግምጃ ቤት ከተማ የእህል ወፍጮ ባለቤት ነኝ። ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ ከዘይት ጣሳና ከዳዊት ላይ ለቅሜ ነው የተማርሁት። ሞተር መፍታትም ያስተማረኝ የለም።

እነዚህ ደብዳቤዎች በእኔና በእኅቴ ልጅ በሰርክአዲስ ምህረቴ መካከል የተጻፉ ናቸው። እሷ የምትኖረው ናይሮቢ ነው፤ ወይም ነበር። የምጽፈውን ሁሉ ግልባጭ ማስቀረት ልማዴ ስለሆነ፣ አንድም ቃል ሳላስተካክል እዚህ ገልብጫቸዋለሁ። ያልጻፍሁላትን ግን ከየደብዳቤዬ ሥር ጨምሬአለሁ። ጥፋቴ ያለው እዚያ ነው።

*

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአያ እንየው፣

የሰፈራችን ሚካኤል ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ጉልበትዎን ብርዱ እንዴት አደረገው? ወፍጮውስ ይሠራል? እኔ ደህና ነኝ። በእናንተ በኩል ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ወሩ ስለሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ይህን ወረቀት ሰጥቻለሁ። ትምህርት ቤት ከለቀቅሁ ወዲህ ደብዳቤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፊደሌ ቢጣመም አይቆጡ።

አያ፣ የምጽፍልዎ ስለ እናቴ ነው። አባቴ ያረፈ ጊዜ አለመምጣቴን ታውቃላችሁ። የአባቴን ሞት ያነበብሁት ሥራ ቦታ ቆሜ ከስልኬ ላይ ነው። አንድ የአክስት ልጅ በአራት ቃል ጽፎ ላከልኝ። የያዘኝ ሰው ስላልነበረ ወደቅሁ፤ ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። ያም ሆኖ መምጣት ነበረብኝ። በዚያው ሳምንት አዲሱ ሰርቨር ሥራ የሚጀምርበት ስለነበር «ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም» አሉኝ፤ እኔም አመንኋቸው። እናቴ «አባቷን ያልቀበረች፣ እኔ በገዛ አፌ ካልጠራኋት ደጄን እንዳትረግጥ» ብላ በሚካኤል መገዘቷን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን የእረፍት ፈቃድ አለኝ። በአውሮፕላን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ነገር ግን ግዝቱን ጥሼ ብመጣ በሩ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች፤ ያን ማየት አልችልም። እባክዎ ከፊቷ ተቀምጠው ይጠይቁልኝ። «ትምጣ» ትበል። አንድ ቃል ናት።

የምትወድዎና የምታከብርዎ ልጅዎ፣
ሰርክአዲስ

*

ግምጃ ቤት፣ ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለሰርክአዲስ ምህረቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኅዳር 24 ነው። ከእንጅባራ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሾፌር ይሄይስ ከወንበሩ ሥር ረስቶት አሥር ቀን ተቀምጦበታል። ሰድቤዋለሁ።

በጠየቅሽኝ ጉዳይ ላይ በዚህ ደብዳቤ አልመልስም። አትጨቅጭቂኝ።

እኔም የምጠይቅሽ አለ። ሰርቨር የምትዪው፣ ከአባትሽ ቀብር ያስቀረሽ ነገር ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ «በኮምፒዩተር ትሠራለች» እላለሁ፤ የማላውቀውን ማለት አልወድም። በሚገባኝ አድርገሽ ጻፊ። እንደ ሕፃን አትንገሪኝ። ሞተር አውቃለሁ።

ድንቹ ዘንድሮ ውርጭ መትቶታል። ጸሎት አትተዪ።

አጎትሽ እንየው

(ያልጻፍሁላት፦ እኅቴ እናትነሽ ያረፈችው ኅዳር 18 ነው፤ ደብዳቤው ከመድረሱ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ። ሳምባዋን ነበር ያመማት። ከመሞቷ በፊት ማለዳ ላይ እጄን ይዛ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በአገውኛ አንድ ነገር አለች። በአማርኛ ሲጻፍ ይቀዘቅዛል እንጂ እንዲህ ማለት ነው፦ «ትምጣ። ደጁ የእሷ ነው።»

ይህን ብቻ ብጽፍላት፣ እናቷ ያለች መስሏት እየሮጠች ትመጣና መቃብር ታገኛለች። ሞቷን ብጽፍላት፣ እንደ አባቷ ጊዜ ብቻዋን አንብባ ትወድቃለች። መርዶ በወረቀት አይላክም። መርዶ ሰው ማልዶ ሄዶ፣ በግራና በቀኝ ይዞ ነው የሚነገረው። ይህን እኔ አልፈጠርሁትም። ስለዚህ ሁለቱንም ያዝሁ።)

*

ናይሮቢ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአያ እንየው፣

ጥምቀቱን በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አለኝ። ፈረሰኞቹ ወጡ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። መልሱን ግን አላገኘሁበትም። «አትጨቅጭቂኝ» ካሉ እናቴ ገና አልራራችም ማለት ነው ብዬ ያዝሁት።

ለጠየቁኝ ልመልስ። እኔ የምጠብቀው ሰርቨር የብዙ ሆስፒታሎች መድኃኒትና የታማሚ መዝገብ ያለበት ነው። እንደ ወፍጮ ቤትዎ ያስቡት። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ አለ። ሥራው የመጣውን ደንበኛ ተቀብሎ ለአንድ ሠራተኛ መስጠት ብቻ ነው፤ ሰጥቶ ወዲያው ወደ በሩ ይመለሳል። ውስጥ አርባ ሠራተኞች አሉ። እኛ ክር ነው የምንላቸው። ሰዎች አይደሉም፤ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች ናቸው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ቤት መሥራት ውድ ስለሆነ፣ አርባውም በአንድ ጣራ ሥር አንዱን መጋዘን ይጋራሉ። አንዱ ደንበኛውን ጨርሶ ሲሸኝ አይባረርም፤ ቁጭ ብሎ ሌላ ይጠብቃል።

ለምን አርባ ብቻ ይሉኝ ይሆናል። ሁለት መቶ ብናደርጋቸው ሞተሩ አንድ ስለሆነ ከመሥራት ይልቅ ተራ በመቀያየር ይደክማሉ። ደንበኛ የማያዩም አሉ። አንዱ፣ ለውጡ ወደ መጋዘኑ ከመግባቱ በፊት በመዝገብ ይጽፈዋል፤ መብራት ድንገት ቢጠፋ ከመዝገቡ ተነሥተን የጎደለውን እንመልሳለን።

ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ሁለት ሠራተኞች የአንድን ታማሚ ገጽ ሊያርሙ ቢመጡ፣ ቀድሞ የደረሰው ይቆልፈዋል። ሌላው ያ ጨርሶ እስኪለቅ ቆሞ ይጠብቃል። ቁልፍ ከሌላው እጅ አይነጠቅም። ያለዚያ መዝገቡ ይበላሻል።

አያ፣ እናቴ መናገር ካስጠላት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራችሁ ወረቀት ላይ አሳርፉልኝ። ሌላ ምንም አይጻፍበት። አሻራዋን ካየሁ እንደ ጠራችኝ እቆጥረዋለሁ።

ልጅዎ ሰርክአዲስ

*

ግምጃ ቤት፣ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰርክአዲስ ምህረቴ፣

ጾሙ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። አንቺም እንደምትጾሚ አምናለሁ።

የጻፍሽው ገብቶኛል። ክር የሚለው ስም ግን አልተስማማኝም። ክር ይፈተላል እንጂ አይሠራም። ዘበኛው አንድ ብቻ መሆኑም ልክ አይደለም፤ ቢታመምስ? ከሁሉ የወደድሁት ሳይሠራ አስቀድሞ የሚጽፈውን ነው። እኔም እንደሱ ነኝ።

የቁልፉ ሕግ ትክክል ነው። ወፍጮዬም ይኸው ሕግ አለው፦ እህሉን በወፍጮው አፍ ያፈሰሰ ሰው እስኪጨርስ ሌላ አያፈስም፣ ባለቤቱ ሳይኖርም የሰው እህል አይነካም። ባለፈው የገበያ ቀን አንድ ሰው በቆሎውን አፍስሶ «ጆንያ ላምጣ» ብሎ ወጣ። ወረፋው እስከ መንገዱ ደርሷል። ፋና የምትባል ባለጠላ አለች፤ ምላሷ አያርፍም።

«አያ እንየው፣ ሰውየው እኮ ጠፋ። ወደ ጆንያ ገልብጡትና እኛን ፍጩልን» አለችኝ።

«የሰው እህል አልነካም።»

«ቢሞትስ? እዚያው ሊበቅል ነው?»

ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም። መሸና ሁሉም ጥሬውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰውየው ለካ የጭነት መኪና አግኝቶ ጫግኒ ወርዶ ነው፤ በማግሥቱ መጣ። እህሉ እንዳለ ጠበቀው። አንድ ፍሬ አልጎደለም።

ስለ አሻራው፦ አይሆንም። ደረሰ የሚባል የጎረቤታችን ልጅ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ይመጣል። እሱ የሚነግርሽን ትሰሚያለሽ። እስከዚያ ታገሺ።

አጎትሽ እንየው

(ያልጻፍሁላት፦ ፋና «ቢሞትስ» ያለችኝ የእናትነሽ ተዝካር ካለፈ በኋላ ነው፤ ሣቅ ያልመጣልኝ ለዚህ ነበር። ደረሰን ቤቴ ጠርቼ ቃሉን አስጠንቼዋለሁ። ማልደህ ትሄዳለህ፣ የአገር ሴቶች ይዘህ ትገባለህ፣ መጀመሪያ ሞቷን፣ ቀጥሎ «ትምጣ» ማለቷን ትነግራለህ ብዬዋለሁ። ሁለት ጊዜ ተነሥቶ መንገድ ተዘግቶበት ከእንጅባራ ተመለሰ።)

*

ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአያ እንየው፣

ሰላምታዬ ከወትሮው ቢያንስ ይቅር ይበሉኝ። ደረሰ የሚባል ሰው አልመጣም።

ባለፈው ወር የሆነውን ልንገርዎ፤ ለሌላ ሰው ብነግረው አይገባውም። ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንድ ሆስፒታል የመጣ ጥያቄ ሆስፒታሎቹ ሁሉ የሚጋሩትን የአንድ መድኃኒት ገጽ ቆለፈ። በዚያው ቅጽበት የሆስፒታሉ መስመር ተቆረጠ። በእኛ በኩል ያለው ሠራተኛ ግን አላወቀም። በማዶ ያለው ሲሞት «ሞቻለሁ» ብሎ አይሞትም፤ ዝም ነው የሚለው። ለሠራተኛው ደግሞ ዝምታና ሞት አንድ ናቸው። ስለዚህ ቁልፉን ይዞ፣ ቀጣዩን ቃል ይጠብቅ ነበር።

ያን ገጽ የሚፈልጉ ከኋላው ቆሙ። አንድ፣ አምስት፣ በመጨረሻ ሠላሳ ዘጠኝ። ዘበኛው በሩ ላይ መቀበሉን አላቆመም፤ ከውጭ ለሚያይ ቤቱ ሥራ የበዛበት ይመስላል። ውስጡ ግን ሞተሩ ቀዝቅዟል። አርባውም ቆመው አንድ የሞተ ሰው ይጠብቃሉ።

እኔ አየሁት፣ አያ። አንድ ትእዛዝ ብጽፍ ያ ሠራተኛ ይቆረጣል፣ ቁልፉም ይለቀቃል። አልጻፍሁም። «ጀምሮት የነበረው ሥራ ቢጠፋስ? ባለቤቱ ቢመለስስ?» አልሁ። የእርስዎን ወፍጮ አሰብሁ፤ እውነቴን ነው። የሰው እህል አይነካም። ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅሁ። በዚያ ሃምሳ ደቂቃ በሌላ ሆስፒታል የአንዲት ሴት መድኃኒት ሊታዘዝ አልቻለም። ሴትዮዋ ሞታለች። በዚህ ምክንያት ነው አላሉም፤ አይደለምም አላሉም። እያጣሩ ነው።

አሁን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የመጠበቂያ ገደብ አድርገናል። ገደቡ ሲያልፍ፣ በማዶ ያለው ቢኖርም ባይኖርም፣ ይቆረጣል። ለራሴም ገደብ አድርጌአለሁ። እስከ ሰኔ ሚካኤል እጠብቃለሁ። እስከዚያ ከእናቴ ቃል ካልመጣ፣ መልሱ «አትምጣ» ነው ብዬ እተወዋለሁ። በየቀኑ እየጠበቁ መኖር ሰው አያደርግም።

ቢያንስ ለፋሲካ ምን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ ይጻፉልኝ። ሌላ አልጠይቅም።

ሰርክአዲስ

(የደረሰኝ ግንቦት 6 ነው። ቆሜ አነበብሁት፤ ከዚያ ተቀመጥሁ። «የእርስዎን ወፍጮ አሰብሁ» የሚለውን ደግሜ አነበብሁ። ያን ቀን መጻፍ ነበረብኝ። ግን ደረሰ «በሚቀጥለው ሳምንት እወጣለሁ፣ አያ» አለኝና፣ በሰው አፍ ይሁን ብዬ ጠበቅሁ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁት፤ ሦስተኛውንም። ከሕጌ ላለመውጣት ሃያ ሁለት ቀን ፈጀሁ።)

*

ግምጃ ቤት፣ ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰርክአዲስ፣

ይህን የላይኛውን ወረቀት ብቻ አንብቢ። ውስጥ ሁለተኛ ፖስታ አለ፤ በሰም አሽጌዋለሁ። አትክፈቺው።

ከቤተ ክርስቲያን የአገር ሰዎች ፈልጊ። ሁለት ሴቶች ይሁኑ፤ ከጠፉ አንዲት ትበቃለች። ከሥራ ቦታሽ አይሁን። ማልደው ወደ ቤትሽ ይምጡ። ውኃ ይቅረብ። መሬት ላይ ተቀመጪ፤ ከቁመት መውደቅ ክፉ ነው። ፖስታውን ከእነሱ አንዷ ትክፈተውና ታንብብልሽ።

ይህን ስታነቢ ነገሩ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። አውቃለሁ። ቢሆንም እንዳልሁሽ አድርጊ።

እንየው

(በሁለተኛው ፖስታ ውስጥ ያለው፦)

ልጄ ሰርክአዲስ፣

እናትሽ እናትነሽ ኅዳር 18 ቀን ማለዳ ዐርፋለች። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከአባትሽ ጎን አስቀምጠናታል። እጇን ይዤ ነበር።

ከመሞቷ በፊት «ትምጣ። ደጁ የእሷ ነው» አለች። በአገውኛ ነው ያለችው፤ አእምሮዋ ጤነኛ ነበር። ግዝቱን ያነሣች እሷው ናት። ያን ጊዜ ደብዳቤሽ ገና መንገድ ላይ ነበር፤ ማንም ለምኗት አይደለም። ይህን እወቂ።

ቃሉ ስድስት ወር በእጄ ነበር። መርዶ በወረቀት አይላክም ብዬ ያዝሁት። ደንበኛው ሞቶበት ቁልፍ ይዞ የቆመ ሠራተኛ ብለሽ የጻፍሽልኝ እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ይቅርታ መለመን አልለመድሁም። እንዴት እንደሚጻፍ ስለማላውቅ፣ እንደ ጻፍሁት አድርገሽ ውሰጂው።

ስለዚያች ሴት፦ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ሕጉን ከእኔ ነው የተማርሽው።

ነይ።

አጎትሽ እንየው

(ይሄይስ ከእንጅባራ የወጣው ሰኔ 9 ነው። ከዚያ በፊት አንድም መኪና አልተንቀሳቀሰም።)

*

ናይሮቢ፣ ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአያ እንየው፣

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ሚካኤል ትናንት ነበር። ቀኑን ሙሉ ቤት ዋልሁ፤ እስኪመሽ የመጣ የለም።

ማጣራቱ አልቋል። «ሠራተኛውን መቁረጥ ነበረብሽ» ብለው አሰናብተውኛል። ልክ ናቸው። ቤቱን ለቅቄአለሁ። ከነገ በኋላ በዚህ ከተማ አልገኝም፤ ስልኬንም ዘግቻለሁ። የምሄድበትን አልጽፍልዎትም። በእርስዎ ቂም ይዤ እንዳይመስልዎ። አድራሻ ከተውሁ መጠበቄን አላቆምም፤ ለዚህ ነው።

በእናቴ አልፈርድም። የማለችውን ጠበቀች፤ እኔ ያን ያህል ጽናት ቢኖረኝ አባቴን እቀብር ነበር። አንድ ቀን ብትጠይቅዎ፣ በጣም እንደጠበቅኋት ይንገሩልኝ። ካልጠየቀች አይንገሯት፤ አትዘን።

ስለ እኔ የተቸገሩበትን ሁሉ እግዚአብሔር ይክፈልዎ።

ሰርክአዲስ

*

ይህ የደረሰኝ ሐምሌ 20 ነው። የእኔው ደግሞ ነሐሴ 11 ተመለሰ። ይሄይስ ከመኪናው ወርዶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰጠኝ፤ እንደ ልማዱ አልቀለደም።

«አያ፣ ተመልሶ መጣ።»

«ማን ከፈተው?»

«ማንም አልከፈተው። ቤቱን ለቃለች ብለው ከናይሮቢ መለሱት። የት ብዬ ያልጠየቅሁት መንገደኛ የለም።»

ሰሙ እንዳለ ነው። ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ኔትወርኩ የተመለሰ ዕለት እንጅባራ ሄጄ ስልኳን አስደወልሁ። አይሠራም። ደረሰ በጥቅምት ናይሮቢ ገብቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ ጠየቀ። አንዲት ሴት «ሰርክአዲስ? ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት?» ብላው ነበር። ወዴት እንደሄደች ግን አታውቅም። እናቴ ጨክናብኛለች ብላ አምና በአንዱ አገር ትኖራለች። ያ እምነት ሐሰት መሆኑን በዚህ ዓለም የምናውቅ እኔና ደረሰ ብቻ ነበርን፤ አሁን እናንተም አወቃችሁ።

የወፍጮውን ሕግ ለውጫለሁ። አፍስሶ የሄደ ሰው የአንድ ሰው ተራ እስኪያልፍ ይጠበቃል፤ ከዚያ እህሉ ወደ ጆንያ ተገልብጦ፣ ስሙ ተጽፎበት ጥግ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን ፋና አይታ «ምነው አያ፣ ዛሬ ምን ታየዎት?» አለችኝ። ቀጣዩን ደንበኛ ጠራሁ።

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ደብዳቤዎቹን ገልብጬ ያወጣሁት ምሥጢር ማውራት ወድጄ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። ሰርክአዲስ ምህረቴን የምታውቁ፣ ወረቀቱን እንዲሁ በእጇ አትስጧት። ማልዳችሁ ሂዱ። ሁለት ሁኑ። ውኃ ያዙ፣ አስቀምጧት፣ በግራና በቀኝ ያዟት። መጀመሪያ ሞቷን ንገሯት። ከዚያ ሳትዘገዩ፣ ለቅሶዋ እስኪበርድ ሳትጠብቁ፣ ሁለተኛውን ንገሯት።

እናትሽ ጠርታሻለች በሏት።